የጌሊክ ፉትቦል የምንጊዜም ምርጥ 15 እንዴት ይመረጣል?

ኬሪ 39 ጊዜ፣ ደብሊን 31 ጊዜ። እስከ 2025 ድረስ የመላ አየርላንድን ሻምፒዮና ከሁሉም በላይ ደጋግመው የበሉት ሁለቱ ካውንቲዎች እነዚህ ናቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የምንጊዜም ምርጥ ቡድን ልምረጥ ብሎ ስም መደርደር የጀመረ ሰው፣ ሳያስበው የእነዚህን የሁለቱን ማሊያ ይሰበስባል። ይኼ ዋንጫ መቁጠር እንጂ ቡድን መምረጥ አይባልም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ከስም በፊት ሕግ መጻፍን ነው። የትኛውን ዘመን፣ በየትኛው የጨዋታ ደንብ፣ በምን ሚዛን? እነዚህ ከተወሰኑ ግማሹ ክርክር ያልቃል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ጣፋጩ ነው።

ጨዋታውን እምብዛም ለማታውቁ፣ መሠረቱ ይኼ ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። በእጅም በእግርም ይጫወታሉ። ኳስ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይቻልም፤ ወይ መሬት አንጥሮ፣ ወይ በእግሩ ጫፍ መትቶ ወደ እጁ መልሶ ነው ሩጫውን የሚቀጥለው። መሬት ላይ ያለን ኳስ በቀጥታ በእጅ ማንሳት ክልክል ነው። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው አልፈው ወደ ላይ ይቀጥላሉ። ኳሱ ከአግዳሚው በላይ ካለፈ 1 ነጥብ፣ መረብ ውስጥ ከገባ 3 ነጥብ ይሰጣል። ውጤቱ 1-12 ተብሎ ከተጻፈ አንድ ጎልና 12 ነጥብ፣ በድምሩ 15 ማለት ነው።

ተጫዋቾቹ ደሞዝ አይከፈላቸውም። የተጫዋች ግዢና ሽያጭም የለም። ሰው በአብዛኛው የሚጫወተው ተወልዶ ላደገበት ካውንቲ ነው። ይኼን በደንብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

1. ዘመኑን ወስኑ

ጨዋታውን የሚመራው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር የተመሠረተው በ1884 ቱርልስ ከተማ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ ወገን 21 ሰው ይጫወት ነበር። በ1892 ወደ 17 ወረደ። 15 የሆነው በ1913 ነው። ስለዚህ «ምርጥ 15» ካላችሁ ከ1913 ወዲህ ያለውን መውሰድ ያዋጣል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሌላ ዓይነት ጨዋታ ነው የተጫወቱት።

ሁለተኛው አማራጭ ከ1971 መጀመር ነው። የየዓመቱ ምርጥ 15 የሚሸለምበት «ኦል ስታርስ» የተጀመረው ያኔ ነው፤ ፊልሙም በብዛት አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከዚህ ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በዓይኑ አይቶ መፍረድ ይችላል። እጁን ካፍታታ በኋላ ወደ 1913 ይመለስ። እኔ እዚህ የምሠራው ሙሉውን ነው።

2. በየትኛው ደንብ እንደሚጫወቱ ወስኑ

አብዛኛው ሰው ይቺን ይዘላታል። ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ግን ከዚህ ነው።

በድሮው ጨዋታ በረኛው ኳሱን በሙሉ ኃይሉ ወደ መሐል ይለጋል፣ አማካዮቹ አየር ላይ ይሻሙበታል። በረኛውን በትከሻ መግጨት ይፈቀድ ስለነበር፣ የመጨረሻዎቹ ተከላካዮች ዋና ሥራ ለእሱ ግድግዳ መሆን ነበር። በ2010ዎቹ ደግሞ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ተሰብስቦ ኳስ በእጅ መቀባበል በዛ። በ2025 አዲስ ደንብ መጣ። የበረኛው ምት ከጎሉ 40 ሜትር ርቀት ላይ ከተሰመረው ቅስት ማለፍ አለበት። ከዚያ ቅስት ውጪ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ኳስ 2 ነጥብ ሆነ። እያንዳንዱ ቡድንም ቢያንስ ሦስት ሰው በተጋጣሚው ሜዳ ማቆየት ግዴታው ሆነ።

አንዱን ምረጡና ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። እኔ የ2025ቱን መርጫለሁ። አየር ላይ የሚደረገውን ሽሚያ ስለመለሰው የድሮዎቹ ተጫዋቾችም የአሁኖቹም እኩል ዕድል ያገኛሉ። ይኼ ውሳኔ ኋላ ላይ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚያስወጣ ታያላችሁ።

3. ከባዶ ወረቀት አትጀምሩ

እንዲህ ያለ ቡድን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተመርጧል። አንዱ በማኅበሩ 100ኛ ዓመት በ1984 የወጣው የክፍለ ዘመኑ ቡድን ነው። ሁለተኛው በ1999 የወጣው የሚሌኒየሙ ቡድን። የ1999ኙ ይኼውላችሁ፦

በረኛ፦ ዳን ኦኪፍ (ኬሪ)
የጎል ክልል ተከላካዮች፦ ኤንዳ ኮለራን (ጎልዌይ)፣ ጆ ኪዮሄን (ኬሪ)፣ ሾን ፍላናጋን (ሜዮ)
የፊት ተከላካዮች፦ ሾን መርፊ (ኬሪ)፣ ጆን ጆ ኦራይሊ (ካቫን)፣ ማርቲን ኦኮኔል (ሚዝ)
አማካዮች፦ ሚክ ኦኮኔል (ኬሪ)፣ ቶሚ መርፊ (ሊሽ)
የመሐል አጥቂዎች፦ ሾን ኦኒል (ዳውን)፣ ሾን ፐርሰል (ጎልዌይ)፣ ፓት ስፒላን (ኬሪ)
የጎል አጥቂዎች፦ ማይኪ ሺሂ (ኬሪ)፣ ቶሚ ላንጋን (ሜዮ)፣ ኬቨን ሄፈርናን (ደብሊን)

የ1984ቱ ከዚህ የሚለየው በሦስት ሰው ብቻ ነው። በኪዮሄን ቦታ የሚዙ ፓዲ ኦብራየን፣ በማርቲን ኦኮኔል ቦታ የላውዙ ስቲቨን ዋይት፣ በቶሚ መርፊ ቦታ የኬሪው ጃክ ኦሼ ነበሩ።

እስኪ ይቺን ልብ በሏት። በእነዚያ 15 ዓመታት ውስጥ ተጫውቶ ስም ያተረፈ አዲስ ሰው ማርቲን ኦኮኔል ብቻ ነው። ኪዮሄንና መርፊ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ሰዎች ናቸው። ከ1984 እስከ 1999 አንድም ኳስ አልመቱም፤ የተለወጠው የመራጮቹ ሐሳብ ነው። ለዚህ ነው እነዚህን ዝርዝሮች እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አትዩአቸው የምለው።

ከዚህ በኋላ በየቦታው ሦስት ሦስት ሰው ጨምሩ። አንዱ ግዴታ ከ2000 ወዲህ የተጫወተ ይሁን፤ አንዱ ደግሞ ዋንጫ ከማይበላ ካውንቲ።

4. ሚዛኑን አስተካክሉ

ዋንጫ ይቆጠራል ወይ? ይቆጠራል፣ ግን ብቻውን አይፈርድም። የተጫዋች ግዢና ሽያጭ ስለሌለ ዋንጫ በአብዛኛው የሚነግረን ሰውየው የት እንደተወለደ ነው። ስላይጎ ወይም ሊትሪም የተወለደ ድንቅ ተጫዋች ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ አንድም ላያነሳ ይችላል።

የ1995ቱን ፍጻሜ እንይ። ታይሮን በአጠቃላይ 12 ነጥብ አገባ። 11ዱን ያገባው ፒተር ካናቫን ነው። ደብሊን 1-10 ይዞ በአንድ ነጥብ ይመራል። መጨረሻው ላይ ታይሮን አቻ የሚያደርገውን ኳስ ከአግዳሚው በላይ ላከ። ዳኛው ግን ሻረው፤ ካናቫን ኳሷን ያቀበለው መሬት ላይ እንዳለች በእጁ ነክቶ ነው ብሎ። ጨዋታው አለቀ። ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር ሰው ለዚያ ቀን ለካናቫን ዜሮ ነው የሚሰጠው። ካናቫን ኋላ በ2003 እና በ2005 ዋንጫውን አነሳ፤ ባያነሳ ኖሮ ግን ያነሰ ተጫዋች ይሆን ነበር?

ቶሚ መርፊም አለ። በ1937 ለሊሽ ዋናው ቡድን ሲሰለፍ ገና 16 ዓመቱ ነበር። የመላ አየርላንድን ዋንጫ አንድም ጊዜ አላነሳም። በ1999ኙ ቡድን ውስጥ ያለ ዋንጫ የገባው እሱ ብቻ ነው። መራጮቹ እዚህ ላይ ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ያገቡትን ጎልና ነጥብ ስታወዳድሩም ተጠንቀቁ። እስከ 2000 ድረስ ሻምፒዮናው አንዴ ከተሸነፍክ ወደ ቤት ነበር። ከ2001 ጀምሮ ሁለተኛ ዕድል መጣ፤ ጨዋታውም በዛ። ርዝመቱም ቢሆን ድሮ 60 ደቂቃ ነበር፣ ከ1970 እስከ 1974 80 ሆነ፣ ከ1975 ወዲህ 70 ነው። በሻምፒዮናው ታሪክ ባገባው ነጥብ ብዛት የኬሪውን ኮልም ኩፐርን የበለጠው የሜዮው ሲሊያን ኦኮነር ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ከ1950ዎቹ አጥቂ ጋር ግን ቁጥር ለቁጥር ማጋጠም አይቻልም።

እኔ ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በራሱ ዘመን፣ በራሱ ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ነበር? በትልቁ ቀን፣ በጠንካራው ተጋጣሚ ላይ ምን ሠራ? ከእሱ በኋላ ያ ቦታ የሚጫወትበት መንገድ ተለወጠ? ሦስቱንም ያለፈ ይገባል። ሁለቱን ያለፈ ይከራከራል። አንዱን ብቻ ያለፈ ተጠባባቂም አይሆንም።

ዕድሜ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ረጅም ዓመት መጫወት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ከርዝመት ይልቅ ለከፍታ አደላለሁ። የኦፋሊው ማት ኮነር በ1984 የገና ዕለት በመኪና አደጋ ተጎድቶ ሲያቆም 25 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በ1980ው ግማሽ ፍጻሜ፣ ብዙዎች የምንጊዜም ታላቅ በሚሉት የኬሪ ቡድን ላይ ብቻውን 2-9 አግብቷል። ያንን ያደረገን ሰው «ዓመቱ አጭር ነው» ብዬ ማስወጣት አልችልም።

5. አሁን በየቦታው ምረጡ

አሥራ አምስቱን በአንዴ አትሞክሩ። መስመር በመስመር ሂዱ።

በረኛ። ዳን ኦኪፍ ሰባት ዋንጫ አለው፤ ሁለቱም ዝርዝሮች ላይ አለ። የኦፋሊው ማርቲን ፈርሎንግ በ1982ቱ ፍጻሜ የማይኪ ሺሂን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ፣ ኬሪ አምስተኛውን ተከታታይ ዋንጫ እንዳይበላ ካደረጉት አንዱ ነው። ግን ሦስተኛው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይፈርዳል። የደብሊኑ ስቲቨን ክላክስተን ከመምጣቱ በፊት የበረኛ ምት ሎተሪ ነበር፤ ተለጋ፣ ያገኘ አገኘ። እሱ ግን ኳሷ ከሜዳ እንደወጣች፣ ተጋጣሚው ሳይደራጅ፣ ነፃ ለሆነው ሰው እግሩ ሥር ይልክ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በየካውንቲው ያለ በረኛ እሱን ነው የተከተለው። በ2011 ፍጻሜ ደግሞ በመጨረሻው ደቂቃ ከጎሉ ወጥቶ ሜዳውን አቋርጦ ቅጣት ምት መታና ኬሪን 1-12 ለ 1-11 አሸነፈ። ዘጠኝ ዋንጫ አለው። አጭሩን ምት የ2025ቱ ደንብ ይከለክልበታል፤ በረጅሙም ቢሆን ከእሱ የተሻለ እግር አላየሁም።

ተከላካዮች። ኋላ ሦስቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ኮለራን ጎልዌይ ከ1964 እስከ 1966 ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ሲበላ የሁለቱ አምበል ነበር። ፍላናጋን የ1950 እና የ1951 የሜዮ አምበል ነው። በመሐላቸው ኪዮሄን፣ አምስት ዋንጫ። ከፊታቸው መሐል ላይ ጆን ጆ ኦራይሊ ይቆማል። ኒው ዮርክ በተደረገው የ1947ቱ ፍጻሜ ካቫንን አምበል ሆኖ መርቶ ኬሪን 2-11 ለ 2-7 ያሸነፈው እሱ ነው። በቀጣዩ ዓመትም ደገመው። በቀኝ የደብሊኑ ጄምስ ማካርቲ፣ ዘጠኝ ዋንጫ፣ የማይደክም ሯጭ። በግራ የሜዮው ሊ ኪገን። ኪገን ዋንጫ የለውም። በ2016 የዓመቱ ኮከብ ነበር፤ የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂ ያዝ እየተባለ ተልኮ፣ ይዞትም ጎል ያገባ ነበር። ሦስቱንም ጥያቄ ያልፋል።

አማካይ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አራት ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፦ ሚክ ኦኮኔል፣ ቶሚ መርፊ፣ ጃክ ኦሼ፣ የደብሊኑ ብራያን ፌንተን። ኦኮኔል ከቫለንሺያ ደሴት የመጣ፣ አየር ላይ ኳስ በመያዝና በሁለቱም እግሩ በማቀበል የሚወሳ ነው። ኦሼ ሰባት ዋንጫ አለው፤ የዓመቱ ኮከብ አራት ጊዜ ሆኗል። ፌንተንም ሰባት ዋንጫ አለው፤ በ2018 እና በ2020 የዓመቱ ኮከብ ነበር። በ2010ዎቹ ደንብ የምንጫወት ቢሆን ፌንተንን ሳላመነታ እወስድ ነበር፤ ኳስ አያባክንም። በእኛ ደንብ ግን የበረኛው ምት ረጅም ነው፤ ስለዚህ መሐል ላይ ዘሎ የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል። ኦኮኔል ገባ። አጠገቡ ከጎል እስከ ጎል የሚሮጥ ይፈለጋል። ያ ኦሼ ነው። በ1999 ኦሼን ያስወጡትን መራጮች አሁንም አልገባኝም፤ ሁለቱን ኬሪዎች አንድ ላይ ላለማሰለፍ ከሆነ፣ ያ ምክንያት አይሆንም።

አጥቂዎች። 11 ቁጥር ላይ፣ ማለትም ከመሐል አጥቂዎቹ መካከለኛው ላይ፣ ክርክር የለኝም። ፐርሰል በአጥቂነት፣ በአማካይነት፣ በተከላካይነት ተጫውቷል። በ1954 ሜዮ ላይ ተከላካይ ሆኖ ገብቶ፣ ኋላ የሚሌኒየሙ ቡድን 14 ቁጥር (የመሐሉ የጎል አጥቂ) የሆነውን ቶሚ ላንጋንን ያዘው። በግራው ስፒላን፤ ዘጠኝ ጊዜ ኦል ስታር፣ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ከቆመ በኋላ ተመልሶ ሦስት ዋንጫ የጨመረ። በቀኙ የሁለት ነጥቡ ደንብ ሞሪስ ፊትዝጄራልድን ይጠራል። በ1997 ፍጻሜ ኬሪ ካገባው 13 ነጥብ ዘጠኙ የእሱ ነው። ከሩቅ መምታት 2 በሚያስገኝበት ጨዋታ እሱን ወንበር ላይ አላስቀምጥም። በዚህ ሾን ኦኒል ወጣ፤ ያማል፣ ግን ደንቡን ቀድመን ጽፈናል።

ፊት ካናቫን፣ ዴቪድ ክሊፎርድ፣ ኮነር። ክሊፎርድ ገና እየተጫወተ ነው። የሚጫወትን ሰው ማስገባት አይገባም የሚሉ አሉ። በ2022፣ በ2023 እና በ2025 የዓመቱ ኮከብ የሆነን አጥቂ ግን «ቆይ» ማለት አልፈልግም።

6. ቡድን መሆኑን ፈትሹ

አሁን ስሞቹን ትታችሁ 15 ሰው ሜዳ ላይ አቁሙ። ቅጣት ምት ማን ይመታል? አንድ የቀኝ፣ አንድ የግራ እግር ያስፈልጋል። ክሊፎርድ ግራ ነው፣ ካናቫን ቀኝ፤ ጥሩ። አየር ላይ የሚይዝ አጥቂ አለ? ክሊፎርድ አለ። ኳስ ሲጠፋ ወደ ኋላ የሚመለስ? ስፒላን። የተጋጣሚን ኮከብ የሚይዝ? ኪገን። አንዱ ጥያቄ መልስ ካጣ ወደ አምስተኛው ደረጃ ተመለሱና አንድ ሰው ብቻ ቀይሩ። ሁለት ሦስት ከቀየራችሁ ሌላ ቡድን ነው የምትሠሩት።

7. ከሌሎች ጋር ስትመርጡ

በቡድን ከሆነ የምትመርጡት፣ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ፣ ከዚያ ይገለጥ። ድምፅ በጎላ ሰው አይመረጥ። በየቦታው ሦስት ስም፣ ለአንደኛው 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 1 ነጥብ ስጡ። ስም ያቀረበ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጨዋታ ይጥቀስ፤ «ድንቅ ነበር» ብቻ አይበቃም። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ይኑሩበት። የ1970ዎቹን በዓይኑ ያየ ሰው ከሌለ ዝርዝሩ ወደ ደብሊን ስድስት ተከታታይ ዋንጫ፣ ወደ 2015–2020 ያጋድላል። ከአንድ ካውንቲ ከዚህ አይበልጥም የሚል ገደብ ግን አታብጁ። የእኔ 15 ውስጥ ስድስት የኬሪ ሰዎች አሉ። የ1999ኙም ስድስት ነበረው።

ሙሉው ይኼ ነው፦ ክላክስተን፤ ኮለራን፣ ኪዮሄን፣ ፍላናጋን፤ ማካርቲ፣ ኦራይሊ፣ ኪገን፤ ሚክ ኦኮኔል፣ ኦሼ፤ ፊትዝጄራልድ፣ ፐርሰል፣ ስፒላን፤ ካናቫን፣ ክሊፎርድ፣ ኮነር። ተጠባባቂዎች ኦኪፍ፣ ማርቲን ኦኮኔል፣ ፌንተን፣ ቶሚ መርፊ፣ ኦኒል፣ ሺሂ፣ ኩፐር። አምበሉ ኦራይሊ።

አሠልጣኙ ሚክ ኦድዋየር። የደብሊኑ ጂም ጋቪን ስድስት ዋንጫ አለው፤ ኦድዋየር ከኬሪ ጋር ስምንት። ሚዛኑን የደፋልኝ ግን ስምንቱ አይደለም። ከኬሪ ወጥቶ ኪልዴርን በ1998 ለፍጻሜ አድርሷል፤ ሊሽን በ2003 የሌንስተር ክፍለ ሀገር ሻምፒዮን አድርጓል። ትንሽ ይዞ ብዙ ማድረግን ያሳየ ሰው ነው።

ዝርዝራችሁ ላይ ቀን ጻፉበት። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ፍጻሜው ሲያልቅ አውጡትና አንድ ቦታ ብቻ ለመቀየር ለራሳችሁ ፍቀዱ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በየትኛው ጨዋታ ምክንያት የሚለውን ከስሙ ጎን አስፍሩ።